በጎቹ ብቻ አላባረሯቸውም

ስለ ስኮትላንዳውያን ስደት ሲነሳ ቶሎ የሚወራው የበጎች ታሪክ ነው። ባላባቱ ጭሰኛውን ነቅሎ መሬቱን ለበግ አርቢ አከራየ፣ ጭሰኛውም ባሕር ተሻገረ። ውሸት አይደለም። ግን እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው የባሰውን ክፍል ዘሎታል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የደጋማው ስኮትላንድ፣ የሃይላንድስ ባላባቶች ሰው እንዲሄድባቸው አይፈልጉም ነበር። ከባሕር ዳር የሚለቀመው አረም ተቃጥሎ አመዱ ለሳሙናና ለብርጭቆ ፋብሪካ ይሸጥ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ብዙ ጉልበት ይበላል። በ1803 የወጣው የመንገደኛ መርከቦች ሕግ ለተጓዡ ጤና የታሰበ ይመስላል። ባላባቶቹ ግን ሌላ ነገር አይተውበት ደገፉት፦ የጉዞ ዋጋ ሲወደድ ድሃው እቤቱ ይቀራል። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ ርካሽ ምርት ከውጭ ገባና የአመዱ ገበያ ወደቀ። ትናንት እንዳይሄድ የተከለከለው ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ «ትርፍ ሕዝብ» ተባለ። በ1846 የድንች በሽታ ሲመታው ደግሞ መርከብ ይቀርብለት ጀመር። የሳውዝ ዩስትና የባራ ደሴቶች ባለቤት ጆን ጎርደን በ1851 ከ1,500 በላይ ጭሰኞቹን ወደ ካናዳ አስጫነ።

እነዚህን ሰዎች «ስደተኛ» ማለት ለእኔ ይከብደኛል። መጀመሪያ ታገቱ፣ ቀጥሎ ተጣሉ።

ሰዘርላንድ ውስጥም በ1814 የስትራትኔቨር ነዋሪዎች ሲነሱ የቤታቸው ጣሪያ በእሳት ወደመ። ምስለኔው ፓትሪክ ሴላር በ1816 ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ። የባላባቶቹ ወገን ይህን ሁሉ «ማሻሻያ» ይለው ነበር። ቃሉ ለጆሯችን ብዙም እንግዳ አይደለም።

እርግጥ ሁሉም ተገፍቶ አልሄደም። ከደጋው ይልቅ ከቆላው፣ ከግላስጎውና ከአካባቢው፣ የወጣው ሕዝብ ይበልጣል፤ ሸማኔው፣ መካኒኩ፣ የባንክ ጸሐፊው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሄደ። ኒውዚላንድ ውስጥ ደነዲንን በ1848 የቆረቆሩት የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በዕቅድ የሄዱ ናቸው፤ ስሙም የኤድንብራ የጌሊክ መጠሪያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመርከብ ግንባታው ሲቀዛቀዝ ፍልሰቱ በረታና በ1921 እና በ1931 ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ቀነሰ። በግ የለበትም፣ ባላባትም የለበትም።

ተገፍተው የሄዱትስ የት አረፉ? በ1773 «ሄክተር» የተባለችው መርከብ ደገኞቹን ያራገፈችበት ኖቫ ስኮሺያ የሚክማቅ ሕዝብ አገር ነበረች። የስካይ ደሴት ተወላጁ አንገስ ማክሚላን አውስትራሊያ ሄዶ ጊፕስላንድን «ያገኘ» ተብሎ ለዘመናት ተወደሰ። የጉናይኩርናይ ሕዝብ ግን የሚያስታውሰው በጭፍጨፋ ነው፤ የታሪክ ምሁራንም እጁ እንዳለበት ጽፈዋል። በስሙ ይጠራ የነበረው የምርጫ ክልል በ2018 ስሙ ተቀየረ።

ሰዘርላንድ ውስጥ ግን የመስፍኑ ሐውልት፣ ከሞተ በኋላ እንደቆመለት፣ ከተራራው ላይ ሆኖ ባሕሩን ያያል። ይነሳ የሚሉም፣ ለማስታወሻ ይቅር የሚሉም አሉ። ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሥሩ ላይ የተነቀሉት ሰዎች ታሪክ እስከተጻፈ ድረስ።