የጄኔሬተራችሁ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩን አስነስታችሁ ገና ቁጭ ከማለታችሁ አምፖሉ ደመቅ ደብዘዝ ማለት ይጀምራል። ከውጭ የሚመጣው ድምፅም እንደዚያው ነው፤ ይጮኻል፣ ይረግባል፣ እንደገና ይጮኻል። ብዙ ቤተሰብ «አርጅቷል» ብሎ ይለምደዋል። ባይለምደው ይሻል ነበር። የሞተሩ ፍጥነት ሲዛባ ሶኬታችሁ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክም አብሮ ይዛባልና።

ለቤት የሚገዙት የተለመዱት ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች 50 ኸርዝ የሚሰጡት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞሩ ነው። ሲፈጥኑ ቮልቴጁ ከ220 ሊያልፍ፣ ሲዘገዩ ሊወርድ ይችላል። የፍሪጅ ሞተር በዝቅተኛ ቮልቴጅ ለመነሳት ሲታገል ይግላል፤ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ደግሞ ከፍ ያለውን አይወዱም። ስለዚህ ሞተሩ እስኪስተካከል ድረስ እነዚህን ንቀሏቸው። (ያላችሁ ኢንቨርተር የሚባለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለው ዓይነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ጭነት ሲጨመርበት ሆን ብሎ ይፈጥናል።)

በዚህ ወር ዓምዳችን ደብረ ታቦርን ያነሳነው በምክንያት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። አብዛኛው ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ካርቡሬተሩ የተለካው ለቆላ አየር ስለሆነ፣ ደብረ ታቦር ላይ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ደህና ሲሠራ የከረመ የውኃ ፓምፕ ከወረታ ተጭኖ ወደ ፋርጣ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣው ለዚህ ነው። የግቢ ሣር ማጨጃም ያው ዓይነት ሞተር ስለሆነ ጠባዩ አይለይም።

አቅሙም ይቀንሳል። አምራቾች በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል እንደሚወርድ ይናገራሉ። 2,500 ዋት ተብሎ የተገዛው ማሽን ደብረ ታቦር ላይ 1,800 ዋት እንኳ ላይደርስ ይችላል ማለት ነው። ጭነት ሲሰጠው ድምፁ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ብልሽት ከመፈለጋችሁ በፊት የሰካችሁትን ዕቃ ዋት ደምሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድማ አይታሰብም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሞተሩ በእኩል ምት ከፍ ዝቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ሲያንሰው ነው። ነዳጅ ሲያጥረው ይዘገያል፤ ጎቨርነር የተባለው የፍጥነት ተቆጣጣሪ ይህን አይቶ የካርቡሬተሩን በር ይከፍታል፤ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ተቆጣጣሪው መልሶ ይዘጋዋል። ያን የምትሰሙትን ከፍታና ዝቅታ የሚፈጥረው ይህ ምልልስ ነው።

በእጃችሁ የምታደርጉት ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ ቾኩን እስከ ግማሽ ዝጉት። ድምፁ ረግቶ ከተስተካከለ የጎደለው ነዳጅ ነው። ብሶበት ጥቁር ጭስ ካወጣ ደግሞ ነዳጁ በዝቷል። ካንዴላውም ይመሰክራል፤ ነጣ ያለ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው።

ነዳጅ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆየ ቤንዚን ነው። ወራት የተቀመጠ ቤንዚን ሙጫ የመሰለ ነገር ይሠራና የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍነዋል። በክረምት ውኃም ይገባበታል። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ፤ ከካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ብሎን በኩል ትንሽ ቤንዚን ወደ ብርጭቆ አፍስሱ። ውኃ ካለው ከታች ተለይቶ ይታያል። ቀዳዳው ከተደፈነ መካኒኩ በካርቡሬተር ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር ይንፋው። በሽቦ የሚወጋ መካኒክ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ተቀበሉና ሂዱ፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ በኋላ ማሽኑ ቤንዚን ጨራሽ ይሆናል። ቀዳዳው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሽን ተሰንጥቆ አየር እያስገባ እንዳይሆን ይታይ።

ነዳጁ ከበዛበት አስቀድማችሁ የአየር ፊልትሮውን ፈትሹ፤ የቆሸሸ ፊልትሮ ያን ያክል ያፍናል። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱንም እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የከፍታው ጉዳይ ነው፤ ለደጋ የሚሆን ጠበብ ያለ የነዳጅ ማሳለፊያ ይገዛለታል።

ጭነት ሳይኖረው ሽቅብ የሚያጓራ ሞተር ግን ለሙከራ አይመችም፤ ወዲያው አጥፉት። የተቆጣጣሪው ዘንግ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ ሞላው የተወጠረበት ጊዜም አለ። ይህን ብሎን መነካካት የሚገባው ኸርዝ የሚለካ መልቲሜትር የያዘ ሰው ብቻ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት ያለው እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ስለሆነ ከተማው በብረት ሥራ አይታማም፤ በጆሮ ብቻ ፍጥነት መለካት ግን ለማንም አይሆንም።

አንድ ነገር ከፍጥነቱም ይበልጣል። የነሐሴ ዝናብና ብርድ ሲበረታ ጄኔሬተሩን ወደ ማድ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ በረንዳ ማስገባት ያምራል። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። መስኮት መክፈት አይበቃም። ማሽኑ ከቤት ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት ተቃራኒ ዞሮ፣ ከላዩ ብቻ ቆርቆሮ ተደርጎለት ይቀመጥ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ።

የደጋውን ማሳለፊያ ካስገባችሁ አሮጌውን አትጣሉት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከማሽኑ ጋር እሰሩት። ማሽኑ አንድ ቀን ወደ ባሕር ዳር ከወረደ ያው አሮጌው ካልተመለሰለት ነዳጅ እያነሰው ይግላል።