ጥፋቱ እንጂ ማሊያው አይዳኝ

በኦክቶበር 2012 ማንቸስተር ዩናይትድ ቼልሲን በስታምፎርድ ብሪጅ 3 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቼልሲ የዕለቱን ዳኛ ማርክ ክላተንበርግን ከሰሰ። ዳኛው ለክለቡ ተጫዋች ለጆን ኦቢ ሚኬል አጸያፊ ቃል ተናግሯል የሚል ነበር ክሱ። ክላተንበርግ ለአራት ሳምንት ያህል ጨዋታ ሳይመደብለት ቤቱ ተቀመጠ። ኖቬምበር 22 ላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ዳኛው የሚጠየቅበት ነገር የለም ብሎ አሰናበተው። ይኸው ቼልሲ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ግን የራሱ አምበል ጆን ቴሪ በዘረኛ ስድብ ተከስሶ ሳለ፣ በክሱ ምክንያት አንድም ጨዋታ አላስቀረውም። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይህ ነው።

ይህ ጋዜጣ በሜዳ ላይ የሚሰነዘር የዘር ስድብ ከባድ ጥፋት ነው ብሎ ያምናል፤ የሚገባውም ከባድ ቅጣት ነው። የምንሟገተው ሌላ ነገር ነው። ቅጣቱ፣ ከቅጣቱም በፊት የፍርዱ ሂደት፣ የተከሳሹን ዝናና የክለቡን ጉልበት እያየ ሊሰፋና ሊጠብ አይገባም። ፊት አይቶ የሚፈርድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚጎዳው ተበዳዩን ብቻ አይደለም፤ በሐሰት የተከሰሰውም ስሙን የሚያጸዳበት በር አይኖረውም።

በ2011 በእንግሊዝ የተከሰቱት ሁለቱ ጉዳዮች ነገሩን ከየትኛውም በተሻለ ያሳያሉ። ኦክቶበር 15 በአንፊልድ ሊቨርፑልና ዩናይትድ ሲጫወቱ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ሱዋሬዝ የዩናይትዱን የፓትሪስ ኤቭራን ጉልበት መታ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የማዕዘን ምት ሲጠበቅ ኤቭራ «ለምን መታኸኝ?» ሲል በስፓኒሽ ጠየቀው። ቀድሞ የተሳደበውም ኤቭራ ራሱ ነበር፤ ይህንንም አልካደም። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የተባለውን ሌላ ሰው አልሰማም። ቢሆንም ጉዳዩን የመረመረው የማህበሩ ኮሚሽን ቪዲዮውን በዝግታ አይቶ፣ የላቲን አሜሪካን ስፓኒሽ የሚያውቁ ምሁራንን ጠይቆ፣ የሁለቱንም ቃል አመዛዝኖ የኤቭራን አመነ። ሱዋሬዝ የቆዳ ቀለም የሚጠራውን ቃል ሰባት ጊዜ ተናግሯል ሲልም ደመደመ። ውሳኔው ዲሴምበር 20 ወጣ፦ የስምንት ጨዋታ እገዳና 40 ሺህ ፓውንድ። ምክንያቱ ደግሞ በ115 ገጽ ተጽፎ ለሕዝብ ቀረበ። በፍርዱ የማይስማማ ሰው እንኳ የት ላይ እንደማይስማማ ገጹን ጠቅሶ ሊናገር ይችላል።

ከአንፊልዱ ጨዋታ ስምንት ቀን በኋላ በሎፍተስ ሮድ ቴሪ የኪውፒአሩን አንተን ፈርዲናንድን ተሳደበ ተባለ። የቴሪ መከላከያ «ብለሃል የተባልኩትን መልሼ ጠየቅሁት እንጂ አልሰደብኩትም» የሚል ነበር። ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት በመሄዱ ማህበሩ የራሱን ምርመራ አቆመ። ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2012 ቴሪን ነጻ አወጣው። ማህበሩ ደግሞ በሴፕቴምበር 27 ጥፋተኛ ብሎ አራት ጨዋታ አገደው፤ 220 ሺህ ፓውንድም ቀጣው።

ብዙ ደጋፊ እስከ ዛሬ የሚጮኸው በስምንትና በአራት ልዩነት ላይ ነው። እኛ ግን በቁጥሩ ላይ ያን ያህል አንቆምም፤ አንዱ ስድቡን ደጋግሟል ተብሎ፣ ሌላው አንድ ጊዜ ተናግሯል ተብሎ ነው የተቀጣው። የወንጀል ችሎትና የስፖርት ኮሚሽን የተለያየ ውሳኔ መስጠታቸውም እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዱ ከጥርጣሬ የጸዳ ማስረጃ ይሻል፣ ሌላው የትኛው ይበልጥ እውነት ይመስላል ብሎ ይመዝናል። ለእኛ የማይዋጥልን በመሃል ያለፈው ጊዜ ነው። በፌብሩዋሪ 2012 ማህበሩ ፍርድ ሳይሰጥ የቴሪን የብሔራዊ ቡድን አምበልነት ነጠቀ፤ አሰልጣኙ ፋቢዮ ካፔሎም በዚህ ተቆጥቶ ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ዓመት በጋ ግን ያው ሰው በአውሮፓ ዋንጫ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ከተባለ አምበልነቱ ለምን ተወሰደ? ክሱ ለመታገድ ይበቃል ከተባለስ ማሊያውን ለምን ለበሰ? የአንተን ወንድም ሪዮ ፈርዲናንድ ከዚያ ቡድን ውጭ ሲቀር የተሰጠው ምክንያት የእግር ኳስ ጉዳይ ነው የሚል ነበር። አንባቢ የመሰለውን ይፍረድ። አንተን ራሱ ግን ተበዳይ ሆኖ ሳለ በየሜዳው ሲጮህበት ነው የከረመው።

ከእንግሊዝ ወጣ ስንል ነገሩ ይብሳል። በማርች 2021 የስላቪያ ፕራጉ ኦንድሬ ኩዴላ አፉን በእጁ ሸፍኖ ለሬንጀርሱ ግሌን ካማራ በጆሮው አንድ ነገር ተናገረ። ኩዴላ ዘረኛ ቃል አልተናገርኩም ቢልም ዩኤፋ አሥር ጨዋታ ቀጣው፤ የአውሮፓ ዋንጫም አመለጠው። በማርች 2024 ደግሞ በሚላን የናፖሊው ጁዋን ጄሱስ የኢንተሩ ፍራንቼስኮ አቸርቢ ዘሬን ሰደበኝ ብሎ ለዳኛው አመለከተ። እጅጌው ላይ የተሰፋውን የጸረ ዘረኝነት ምልክት በጣቱ እያሳየ ነበር አቤት የሚለው። ያን ምልክት በየማሊያው የሰፋው የራሱ የጣሊያን ሊግ ነው። የስፖርት ዳኛው ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም በማለት አቸርቢን ያለ ቅጣት ለቀቀው። ናፖሊም ከዚህ በኋላ በሊጉ የጸረ ዘረኝነት ዘመቻ አልሳተፍም አለ። በሁለቱም ጉዳይ ድምፅ የቀረጸ መሣሪያ አልነበረም፤ በሁለቱም በዋናነት የነበረው የከሳሽና የተከሳሽ ቃል እንዲሁም የካሜራ ምስል ነው። አንዱ ጋ አሥር ጨዋታ፣ ሌላው ጋ ምንም። አቸርቢ ጥፋተኛ ነው ማለታችን አይደለም። ሚዛኑ ከአገር አገር ይህን ያህል ከተለያየ ግን ተጫዋቹ የሚዳኘው በሥራው ሳይሆን በተጫወተበት ሜዳ ነው።

በእንግሊዝ ሊግ ቅዳሜ ለተሰነዘረ የዘር ስድብ የቅጣቱ መነሻ ስድስት ጨዋታ ነው። ረቡዕ ማታ በአውሮፓ ውድድር ከሆነ አሥር። ስድቡ ያው፣ ተሳዳቢው ያው።

ከሜዳ ውጭ ያለውም ከዚህ አይሻልም። የዩናይትዱ ኤዲንሰን ካቫኒ በ2020 ለወዳጁ በኢንስታግራም የጻፈው የምስጋና ቃል በአገሩ በኡራጓይ እንደ ፍቅር አጠራር የሚቆጠር ነው ብለው ብዙዎች ቢሟገቱለትም ሦስት ጨዋታና 100 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። ሮድሪጎ ቤንታንኩር በ2024 በአገሩ ቴሌቪዥን ስለ ቶተንሃም ጓደኛው ስለ ሶን ሁንግ ሚን በተናገረው ሰባት ጨዋታ ታገደ፤ ሶን ይቅር ማለቱ አላዳነውም። የቼልሲው ኤንዞ ፈርናንዴዝስ? በዚያው ዓመት በጋ አርጀንቲና ኮፓ አሜሪካን ካሸነፈች በኋላ በአውቶቡስ ውስጥ የፈረንሳይን ጥቁር ተጫዋቾች የሚያዋርድ ዘፈን ሲዘፈን በራሱ ስልክ ያሰራጨው እሱ ነው። የክለብ ጓደኛው ዌስሊ ፎፋና በአደባባይ አወገዘው። ፊፋ እመረምራለሁ አለ፤ ቼልሲ በውስጥ ጨረስኩት አለ፤ ኤንዞም ይቅርታ ጠይቆ አንድ ጨዋታ ሳይታገድ ወቅቱን ጀመረ። የተፈጸመው በውጭ አገር ነው እንዳይባል የቤንታንኩርም በውጭ አገር ነበር። ለወዳጅ የተጻፈች አንዲት ቃል ሦስት ጨዋታ ካስቀጣች ያ ዘፈን ስንት ሊያስቀጣ ነበር?

ድሮም ቢሆን የገዥዎቹ አካላት ሚዛን ያሳዝናል። በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አባቱ ኢትዮጵያዊ በሆነው የቼክ ተከላካይ ቴዎዶር ገብረስላሴ ላይ የሩሲያ ደጋፊዎች የዘረኝነት ጩኸት ማሰማታቸው ተዘግቦ ነበር። በዚያው ውድድር የክሮኤሺያ ፌዴሬሽን ደጋፊዎቹ በማሪዮ ባሎቴሊ ላይ ላሰሙት የዘረኝነት ጩኸትና ለተኮሱት ርችት 80 ሺህ ዩሮ ተቀጣ። ዴንማርካዊው ኒክላስ ቤንትነር ደግሞ የቁማር ድርጅት ስም ያለበት የውስጥ ሱሪ በማሳየቱ 100 ሺህ ዩሮና አንድ ጨዋታ። ስፖንሰር ከሰው ክብር በልጦ የተገኘበት ሒሳብ ነው።

በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶችም ስለነዚህ ጉዳዮች የሚነሳው ክርክር በአብዛኛው በማሊያ ቀለም የተከፈለ መሆኑን እናውቃለን። የሊቨርፑል ደጋፊ ሱዋሬዝን፣ የቼልሲ ደጋፊ ቴሪን ይዞ ይከራከራል። በደጋፊ አንፈርድም፤ ክለቦቹ ራሳቸው ይህንኑ ካደረጉ ምን ይጠበቃል? ሱዋሬዝ በተቀጣ ማግስት የሊቨርፑል ተጫዋቾች ምስሉ የታተመበትን ቲሸርት ለብሰው በዊጋን ሜዳ አሟሟቁ። ከነሱ አንዱ ጄሚ ካራገር ኤቭራን በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ይቅርታ የጠየቀው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ጉዳዩ በኮሚሽን እጅ እስካለ ድረስ ክለብ ለሠራተኛው ጠበቃ ይግዛለት፤ ተበዳዩን በአደባባይ ሐሰተኛ ማስመሰል ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ሊያስቀጣ ይገባል።

ፊፋ፣ ዩኤፋና የየአገሩ ማህበራት አንድ የማስረጃ ሚዛንና አንድ የቅጣት መነሻ ይያዙ። የጥፋተኝነትም ሆነ የነጻነት ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይውጣ፤ የሱዋሬዙን ያህል 115 ገጽ ባይሞላም። ክስ በቀረበበት ጊዜ ተከሳሹ የሚቆይበት ሁኔታ ለዳኛም ለአምበልም አንድ ይሁን፦ ወይ ሁሉም ይሥራ፣ ወይ ሁሉም ደመወዙን እያገኘ ገለል ይበል። የሱዋሬዝ ጉዳይ፣ ያን ሁሉ ምስክርና ያን ሁሉ የቋንቋ ክርክር ይዞ፣ በ66 ቀን ተወስኗል። የቴሪ 11 ወር ፈጀ። የወንጀል ክስ ጎን ለጎን ሲኖር መጠበቅ ግድ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን፤ እንዲያ ሲሆን ግን ተከሳሹ ለብሔራዊ ቡድን አይሰለፍ። ከዚያ ውጭ ላለው ጉዳይ ሁሉ 66ቱ ቀን የመጨረሻው ጣሪያ ሆኖ በደንብ ይጻፍ።