ትንፋሽ በውሰት

እኛ ጎጃሜዎች ስንዋዋስ ነው የኖርነው። ወንፊት ከጎረቤት፣ ምጣድ ከአክስት፣ በሬ ከወንድም። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ተራ በተራ ያርሳሉ፣ የማንም ማሳ ጦም አያድርም። ድንኳኑንማ ተዉት፣ እሱ የእድር ነው። ግን ትንፋሽ ይዋሳል? ባለፈው ክረምት ቡሬ ዘመድ ቤት ተሰብስበን እስከ እኩለ ሌሊት የተከራከርነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎታችን የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። ከቡሬ በቆሎና በርበሬ እየጫኑ ወደ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ ይመላለሳሉ። ሲያንኮራፉ ከጓዳ እስከ አጥር ይሰማል። ልጆች ሳለን «ሞተሩ ተነሳ!» እያልን እንስቅ ነበር። ያልሳቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። «እኔ የምፈራው ሲያንኮራፋ አይደለም፣ ዝም ሲል ነው» ይሉናል። ማን ይስማቸው? አጎታችን ራሳቸው ሌሊት ታንቀው ሲባንኑ «ዱካክ ነው» ብለው ፊታቸውን አማትበው ይተኛሉ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ከርመው አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ማንኩሳ አጠገብ፣ መሪ እንደያዙ አንቀላፉ። መኪናዋ ቦይ ገባች። በፈጣሪ ቸርነት ሰው አልሞተም።

ከዚያ በኋላ ነው ሪፈር ተጽፎላቸው አዲስ አበባ ድረስ የሄዱት። አንድ ሌሊት አተነፋፈሳቸው በመሣሪያ ተመዘገበ። ውጤቱ ሲነገራቸው ባለቤታቸው «አላልኳችሁም?» ብለው አለቀሱ። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ሕመም ነበር። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይቆማል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሳል፤ ሰውየው ግን መንቃቱን እንኳ አያስታውስም። በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። የአጎታችን ከዚያ በላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቅ ያደረ ሰው ቀን ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? ደም ግፊቱም ሆነ የልብ ጣጣው ከዚሁ ጋር ይመጣል።

የታዘዘላቸው ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1980 ሲድኒ ላይ የሞከሩት፣ በ1981 ደግሞ ለዓለም ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ኦክስጅን አይሰጥም። የክፍሉን አየር በቱቦና በጭንብል አድርጎ በግፊት ይነፋል፤ ያ ግፊት ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይዞት ያድራል። በቃ ይኸው ነው። አያድንም ግን። ጭንብሉን ያወለቁ ሌሊት ሕመሙ ይመለሳል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ከውጭ አገር የተመለሱ አንድ ጡረተኛ መምህር አዲስ ማሽን ስለገዙ የድሮው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ «ይውሰዱት፣ ሲበቃዎት ይመልሱልኛል» አሉ። ግማሹ ዘመድ «ተገኝቶ ነው!» አለ። ግማሹ «ሰንጋው ይሸጥና ይገዛ» አለ። አጎታችን ደግሞ ሁለቱንም እንቢ አሉ። «የሰው ትንፋሽ ተውሼ ልደር?» አሉ፤ መግዛቱንም «ላልለምደው ሰንጋዬን ልሽጥ?» ብለው።

እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ሥራ ባናገኝ እንኳ መጠየቅ አልተውንምና ስናጠያይቅ ሰነበትን። ያገኘነውን እነሆ።

አንደኛ፣ አጎታችን «ላልለምደው» ያሉት እውነት አላቸው። ጭንብሉ ያፍናል፣ አፍንጫ ያደርቃል፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልቻልኩም ብሎ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ «መጀመሪያ ግዛ» የማይሉት። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድህን በመጀመሪያ 12 ሳምንት ያስሞክራል፤ ከጠቀመ ኪራይ ይቀጥላል፣ 13 ወር ሲሞላ መሣሪያው የታካሚው ይሆናል። በእንግሊዝ ደግሞ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ማሽኑን ለታካሚው በነፃ ያውሳል። ታዲያ እነሱ ሲዋሱ ያላፈሩትን እኛ፣ በሬ ስንቀናጅ የኖርነው፣ ምን ያሳፍረናል?

ሁለተኛ፣ ሁሉም ነገር አይዋስም። ጭንብል የጥርስ ብሩሽ ማለት ነው፤ የራስ መሆን አለበት። ቱቦውና ማጣሪያውም አዲስ ይሁኑ። ግፊቱ ደግሞ ለየሰዉ ይለያያል። ለመምህሩ የተስተካከለው ለአጎታችን ሊያንስ ወይም ሊበዛ ስለሚችል ባለሙያ ሳያስተካክለው ለብሶ መተኛት የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ መንዳት ነው።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣ አሮጌ ማሽን ሁሉ በረከት አይደለም። ፊሊፕስ ኩባንያ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን መልሱልኝ ብሎ ጠርቷል። ድምፅ ለመቀነስ ውስጡ የገባው ስፖንጅ እየተፈረካከሰ ወደ ሰው ሳንባ ሊገባ ይችላል ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ድሪምስቴሽን አንዱ ነው። ስለዚህ ዘመድ «ላክሁልህ» ሲል እሰየው ከማለት በፊት ስሙንና ቁጥሩን ማየት ይገባል። እኛም የመምህሩን አገላብጠን አየን፤ ከተጠሩት ውስጥ አልነበረም።

እናም ተዋስን። አዲስ ጭንብል ተገዛ፣ ግፊቱ በሐኪም ተስተካከለ። የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። በሁለተኛው አጎታችን ራሳቸው «መብራት እንዳይሄድ ጸልዩ» ማለት ጀመሩ። በስድስተኛው ሳምንት ሰንጋው ተሸጠ፤ የራሳቸው መጣ። የመምህሩም በክብር ተመለሰ።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፤ ለመሞከር ተዋሱ፣ ለመኖር ግዙ። በሬን ተራ በተራ ማረስ ይቻላል፤ ሲፓፕን ግን አንዱ ማክሰኞ አንዱ ረቡዕ ሊያድሩበት አይቻልም። ሁለቱም በየሌሊቱ ይተኛሉና። የተዋሰ ሰው አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም፤ ሕመሙ ግን ከእሱ ጋር ይቀራል።

ሰንጋ የሌለውስ? ያልጨረስነው ክርክር ይህ ነው። ቡሬ ዙሪያ ወይም ጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ ያለ ገበሬ እንደ አጎታችን የሚያውሱት መምህር የሉትም። መብራት ከሌለ ደግሞ ሶላርና ባትሪ ይጨመርበታል፤ የማሽኑን ማሞቂያ ካጠፉት ብዙዎቹ ተስማሚ ገመድ ተገኝቶላቸው በ12 ቮልት ባትሪ ያድራሉ። ዕቃ ሲበላሽ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋ ለእናንተ አንነግርም።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ እድር አዞርን። እድሮቻችን ቀባሪ ብቻ አይደሉም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ሲያፈርስ ብዙ የከተማ እድሮች ሕሙማንን አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። ታዲያ የቡሬና የፍኖተ ሰላም እድሮች ተባብረው ሁለት ሦስት ሲፓፕ ቢገዙ ምን ይላቸዋል? ጭንብሉን ታካሚው ይግዛ፤ ግፊቱን ሐኪም ያስተካክል፤ ለሦስት ወር ይሞክረው። ከጠቀመው የራሱን እስኪገዛ እቁቡን ይጠጣ፣ ጎረቤትም ያዋጣለት። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህናችንም ከተጀመረ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ መንገድ ሄዷልና፣ ቤት ወስደው የሚተኙበትን መሣሪያም ያስብበት።

እስከዚያው ገንዘብ የማያስወጣም ነገር አለ። በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት፣ ማታ ማታ አረቄ አለመጠጣት፣ ክብደት መቀነስ። መሣሪያውን አይተኩም፣ ግን ያግዛሉ። ሹፌር ደግሞ እንቅልፍ ከመጣበት ዳር ይዞ ይቁም።

እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። ከሞትን በኋላ የሚያስፈልገን ሁሉ ተሟልቷል። ሌሊት ባሏ ዝም ሲል ተነስታ እጇን አፍንጫው ላይ የምታደርግ ሴት በየሰፈራችን አለች። የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ስለ እሷ የሚናገር ማን ነው?