ወሬን ከመዝጋት ሰሚውን ማስተማር ይሻላል

በቀድሞው ዘመን በጎንደር ከተማ ነጋሪት ተጐስሞ አዋጅ ሲነገር፥ ሰሚው ተናጋሪውን በዓይኑ እያየ ይሰማ ነበር። በአራዳ ገበያ ወሬ ያመጣ ሰውም «ከማን ሰማህ?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ግን በፌስቡክ፥ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚመጣው ወሬ ባለቤቱ ሳይታወቅ ከእያንዳንዱ ሰው እጅ ይገባል።

የዚህም ጉዳት በጎንደር ታይቷል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በአንድ የእስልምና ሃይማኖት አባት ቀብር ላይ የተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት አጠፋ፥ መስጊዶችም ተቃጠሉ። ወሬውና ሥዕሉ በስልክ ሲዛመት፥ ቍጣው ከሁለት ቀን በኋላ ከሩቁ ከወራቤ ደርሶ በዚያ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ።

ይህን ያየ ሰው «ይዘጋ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን መዝጋት ተሞክሮ ውጤቱ ታውቋል። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች አምስት ወር ያህል ሲታገዱ፥ ብዙ ሰው ቪፒኤን በሚባለው ዘዴ እየተሻገረ መጠቀሙን አልተወም። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥም ወሬ ከአፍ ወደ አፍ መዞሩን አላቋረጠም። የተጐዱት ግን ገንዘብ በስልክ የሚልከው ነጋዴ፥ ትምህርት የሚፈልገው ተማሪ፥ በውጭ አገር ካለው ልጁ ጋራ የሚነጋገረው ወላጅ ናቸው። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ከሐሰቱ ጋራ እውነተኛው ማስተባበያም አብሮ ይዘጋልና።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚያሠራጨውን ሰው ይቀጣል። ሆኖም ቅጣት የሚደርሰው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የሚጠብቀው የሕዝቡ ልማድ ነው። በሸንጎ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ መስጠት ነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ ያላጣሩትን ወሬ ለሌላ ማሳለፍም እንደ ነውር ሊቈጠር ይገባል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው ተረት ዛሬ ከጣት ለሚወጣውም ይሠራል።

ይህን ልማድ ለማጽናት ሹማምንት እውነቱን ሳይዘገዩ መናገር አለባቸው፤ እውነት በመሥሪያ ቤት ሲያድር ሐሰት በገበያ ይውላልና። ካህናትም በሐሰት መመስከር በስልክም ቢሆን ኃጢአት መሆኑን ለምእመናን ማስረዳት ይገባቸዋል። ሰሙን ከወርቁ መለየት ሲያስተምሩ ለኖሩት ለጎንደር የቅኔ መምህራን፥ የሰሙትን ከማመን በፊት መመርመር እንግዳ ትምህርት አይደለም።

አንድ በር ቢዘጋ ወሬ በሌላው ይገባል፤ «ከማን ሰማህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ግን ለሐሰተኛ በሩን አይከፍትም።