የእንሽላሊት እንቁላልና የራያ ዝናብ

የቆቦ ገበሬ በበልግ ዝናብ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዘራል፤ ዝናቡ ከከዳው ፈጥኖ ወደሚደርስ ማሽላ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። እንሽላሊቶችም ተመሳሳይ ፈተና አለባቸው፤ ልዩነቱ ገበሬው አስቦ ሲወስን፣ በእነርሱ ላይ የሚፈርደው የተፈጥሮ ምርጫ መሆኑ ነው።

በቤታችን ግድግዳ የምትሳበው ጌኮ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ ብዙዎቹ የቆላ እስስቶች ግን በርካታ እንቁላሎችን አፈር ውስጥ ይቀብራሉ። የማዳጋስካሯ የላቦርድ እስስት ደረቁን ወቅት ጨምሮ 8 ወይም 9 ወር በእንቁላል ውስጥ ትቆይና፣ ከተፈለፈለች በኋላ የምትኖረው 4 ወይም 5 ወር ነው። የሰውነት ጉልበት ውስን በመሆኑ የእንቁላል ብዛት በመጠን ማነስ፣ ፈጥኖ መራባትም ብዙ ጊዜ በዕድሜ ማጠር ይከፈላል።

ስለዚህ «የትኛው ስልት ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም እንላለን፤ «በየትኛው አየር ንብረት?» የሚለው መጨመር አለበት። ለዚህም የውጭ መጻሕፍትን መሸምደድ ብቻ አያዋጣም። ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ከሆነው የቆቦ ሜዳ በስተምዕራብ ከ3000 ሜትር በላይ የሚወጣው ተዳፋት ቆላንና ደጋን ያጎራብታል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የእንቁላሉን ስፍራ ሳያበላሹ በየከፍታው ቢቆጥሩና ቢመዘግቡ፣ ዝናቡ ሲዛባ የትኛው ዝርያ እንደሚጎዳ የሚነግረን መነሻ መረጃ ይኖረናል። ቆጠራው ዛሬ ይጀመር።