የመጀመሪያ ርዳታ መማሪያ መጽሐፍ ስንመርጥ

በትምህርት ቤታችን ከመጪው ዓመት ጀምሮ የድንገተኛ አደጋ ርዳታ ትምህርት በትርፍ ሰዓት ይሰጥ የሚል አሳብ ከተነሣ ወዲህ ወላጆችም፥ መምህራንም፥ እኛም ተማሪዎች በደስታ ተቀብለነዋል። አሳቡን የሚነቅፍ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ክርክሩ ያለው በመጽሐፉ ላይ ነው። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ በአሜሪካ የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚማሩበት ትልቁ መጽሐፍ ይገዛ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የመጀመሪያ ርዳታ መጽሐፍ ሞልቶ ሳለ ከወላጆች ገንዘብ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም አልደግፍም። የተከበራችሁ አንባብያን፥ ምክንያቴን በዝርዝር እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

በመጀመሪያ ስለ አሮጌዎቹ መጻሕፍት እናገራለሁ። ከውጭ አገር በስጦታ የመጡ የርዳታ መጻሕፍት ሽፋናቸው ጠንካራ፥ ሥዕላቸውም የጠራ ስለ ሆነ ዓይን ይስባሉ። ነገር ግን አንዱን አንሥተን እስትንፋሱ ስለ ቆመ ሰው የሚናገረውን ገጽ ብንገልጥ፥ ሰውዬው በሆዱ ተደፍቶ ረዳቱ በራስጌው ተንበርክኮ ጀርባውን ሲጫንና ክርኖቹን ሲያነሣ የሚያሳይ ሥዕል ልናገኝ እንችላለን። ይህ ሆልገር ኒልሰን የተባለ የዴንማርክ መኮንን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ያወጣው ዘዴ ነው። በዘመኑ በብዙ አገር ሲሠራበት ቆይቶ፥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤላምና ሳፋር የተባሉ ሐኪሞች በአፍ እስትንፋስ መስጠት እንደሚበልጥ በማሳየታቸው ቀርቷል። ቀጥሎም በ1960 በባልቲሞር ከተማ ኩወንሆቨን፥ ጁድና ኒከርቦከር ደረትን በእጅ በመጫን የቆመ ልብ ደም እንዲያዘዋውር ማድረግ እንደሚቻል ገለጹ።

ይህም ቢሆን ባለበት አልቆመም። እስከ 2010 ድረስ ትምህርቱ በመጀመሪያ የአየር መንገድን ክፈት፥ ቀጥሎ እስትንፋስ ስጥ፥ ከዚያ ደረትን ተጫን ይል ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የልብ ማኅበር ቅደም ተከተሉን ለውጦ ደረትን መጫን አስቀደመ። አሁን የሚሰጠው ትምህርት ለዐዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከ6 ሳያልፍ መጫን፥ በየ30ው ጭነት 2 ጊዜ እስትንፋስ መስጠት ነው። ውሃ የወሰደው ሰው ግን የጐደለው አየር ነውና በእርሱ ላይ እስትንፋሱ ይቀድማል። ሶርና ገባ በሚፈሱበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህች ልዩነት ትልቅ ነገር ናት። ስለዚህ የመጽሐፉን ሽፋን ከማድነቃችን በፊት የታተመበትን ዓመት እንመልከት፤ ከ2010 በፊት ከሆነ ቢያንስ ይህን ምዕራፍ ከእርሱ መማር የለብንም።

የእባብ ንክሻንም እንዲሁ እንመርምር። በብዙ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የተነከሰውን ቦታ በምላጭ ብጣ፥ መርዙን ምጠጥ፥ ከበላዩ በገመድ አጥብቀህ እሰር የሚል ትእዛዝ አለ። ዛሬ ሦስቱም የተከለከሉ ናቸው። መብጣቱ ደም ያፈሳል፤ መምጠጡ መርዙን አያወጣም፤ ገመዱም ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እግሩን ይገድላል። አሁን የሚታዘዘው የተነከሰውን እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ ቈጥሮ በእንጨት ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፥ በሽተኛውን ሳያስሮጡ በወሳንሳ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉት ዋና ዋና የሐሩር አገር ሕመሞች መካከል የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚነከሰው አብዛኛው ገበሬና የገበሬ ልጅ ነውና።

አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ ይቃጠል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የጀርመኑ ሐኪም እስማርክ፥ በ1882 ሰላማዊውን ሕዝብ ርዳታ ማስተማር የጀመረው ሰው፥ ያስፋፋው ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ዛሬም የተሰበረ ክንድ ይደግፋል። ነጠላችንም ይህንኑ ሥራ ደኅና አድርጎ ይሠራል። የቋጠሮው ምዕራፍ ስላላረጀ ለልምምድ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ትልቁ መጽሐፍ ልመለስ። በአሜሪካ በ1966 በድንገተኛ አደጋ ስለሚሞተው ሕዝብ ብዛት አንድ ታላቅ ሪፖርት ወጥቶ መንግሥቱን ስላስደነገጠ፥ የአምቡላንስ ሠራተኛን በሥርዓት ማሠልጠን ተጀመረ፤ በ1971ም የአጥንት ሐኪሞቻቸው ማኅበር የመጀመሪያውን መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ያ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እየታደሰ ታትሞ ዛሬ ከ1000 ገጽ በላይ ሆኗል። በዚያው አገር በአንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይኸው ትምህርት ይሰጣል፤ ተማሪው ሲጨርስ ፈተናውን አልፎ በአምቡላንስ ላይ ሊቀጠር ይችላል። መጽሐፉ መልካም ነው። ምን አድርግ ብቻ ሳይል ለምን እንደሚደረግም ያስረዳል። ለሚያስተምረን መምህር አንድ ቅጂ ቢገዛለት እኔም እደግፋለሁ።

ለእያንዳንዳችን ይገዛ ሲባል ግን እቃወማለሁ፤ ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የሚያውቀው አገር ሌላ ነው። በእርሱ ዘንድ ቁስለኛው ከወደቀ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ኦክስጅን የጫነ መኪና ይደርሳል፤ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ራዲዮው ይሠራል፤ ስልኩም 911 ነው። ከዲዱ ወይም ከኖጳ ገጠር፥ በሐምሌ ዝናብ፥ ሰው በትከሻ ተሸክሞ መኪና ወዳለበት መንገድ ለሚያወጣ ወጣት ይህ መጽሐፍ ምን ይነግረዋል? ረዳቱ ከቁስለኛው ጋር የሚቆየው አሥር ደቂቃ መስሎት የተጻፈ መጽሐፍ፥ ሦስትና አራት ሰዓት ሲቆይ ስለ ምን ማሰብ እንዳለበት በስፋት አይጽፍም። ጭቃ ውስጥ ስላለ ወሳንሳ አቀያየርና ስለ ብርድ ልብስ፥ ወይም እንደ ጠበቀ ስለ ቀረ ማሰሪያ የሚነግረን ሌላ ነው። ዴቪድ ወርነር ሐኪም በሌለበት ስፍራ ለሚኖር ሕዝብ በ1970ዎቹ ያዘጋጀው መጽሐፍ በዓለም ሁሉ የተወደደው፥ ከሜክሲኮ ተራራማ ገጠር ችግር ተነሥቶ ስለ ተጻፈ ነው።

እንግዲህ በእኛ በኢሉባቦር ሰው በምን ይጐዳል? ማንም የመቱ፥ የጎሬ፥ የሁሩሙ፥ የያዮ ልጅ ሊቈጥረው ይችላል። ቀፎ ሊሰቅል ወይም ማር ሊቈርጥ ረጅም ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ይወድቃል፤ ንቡም አብሮት ይወርዳል። ቡና ለቃሚ በእባብ ይነከሳል። ሞተር ብስክሌት ሁለትና ሦስት ሰው ጭኖ በጭቃው ይንሸራተታል። በክረምት መብረቅ ይወርዳል። በቀዝቃዛው ሌሊት ቤቱን ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ቤተሰብ ጠዋት አይነቃም። በረኪና ወይም የተባይ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ ተቀምጦ ሕፃን ይጠጣዋል። የምንመርጠው መጽሐፍ ማውጫ ላይ እነዚህን ብንፈልግ ስንቶቹን እናገኛለን? መብረቅ የመታው ሰው ገላው ኤሌክትሪክ እንደማይዝና ወዲያው ሊነካ እንደሚገባ፥ በአንጻሩ የመብራት ሽቦ የያዘው ሰው ግን መብራቱ ሳይጠፋ ሊነካ እንደማይገባ ለይቶ የሚነግረን የትኛው ነው? በረኪና የጠጣውን ልጅ ማስመለስ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ዳግመኛ እንደሚያቃጥለው የሚያስረዳንስ?

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አደጋ ሲደርስ እኛ ከመድረሳችን በፊት ጎረቤት ደርሷል፤ የሚያውቀውንም አድርጓል። በቡና አገር ደም የሚፈሰው ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና ይነሰነሳል። የተቃጠለ ገላ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል። የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ክብሪት ተጭሮ ጭሱን ያሸትታል። የተሰበረው ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። እነዚህን የሚያደርጉት አያቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው፤ የሚያደርጉትም ከፍቅር ነው። አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ክብሪት አትጫሩ ብሎ ሊጽፍ አይችልም፤ እንዲህ የሚደረግ መሆኑን አያውቅምና።

እኔ የምፈልገው መጽሐፍ ከአያቴ ጋር በትሕትና ሊከራከር የሚችል ነው። ቡናው ደሙን ያቆመ ቢመስልም ቁስሉ ውስጥ ቈሻሻ ያስገባል፤ በኋላም ነርሷ ፈትጋ ስታወጣው ሕመምተኛው ሁለተኛ ይሠቃያል፤ ንጹሕ ጨርቅ አጥፎ በመዳፍ አጥብቆ መጫን ግን ደሙን ያቆማል ብሎ ያስረዳት። ተጭነው እንቢ ያለ፥ ከእጅ ወይም ከእግር የሚንዠቀዠቅ ደም ሲያጋጥም ብቻ ሰፊ ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ ይታሰር፤ የታሰረበትም ሰዓት ይጻፍ። የተቃጠለው ገላ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይፍሰስበት፤ ቅቤው ሙቀቱን ከማፈን ሌላ አይረዳም። የሚጥለውን ሰው ማንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ በራሱ ይተወዋል፤ ክብሪቱ በዚያው ጊዜ ስለ ተጫረ ብቻ ምስጋናውን ይወስዳል። በዙሪያው ያለውን ድንጋይና እሳት ማራቅ፥ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፥ ሲረጋ በጐኑ ማስተኛት፥ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ወጌሻውን በተመለከተ መስደብ አይጠቅምም፤ ሰዉ ያምነዋልና። ነገር ግን ስብራት በቀርከሃ እጅግ ጠብቆ ሲታሰር ደም ታግዶ የልጅ እጅ እስከ መቈረጥ የደረሰበት በአገራችን ሐኪሞች የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከእስራቱ በኋላ የጣቶቹን ጫፍ ተመልከት፤ ቀዝቅዘው፥ ጠቍረው ወይም ደንዝዘው እንደ ሆነ ወዲያው አላላ የሚል ገጽ ይኑረው። ይህን ማንም እናት ልታየው ትችላለች።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሊኖር እንደሚችል ምሳሌ አለ። የቤልጂግ የፍላንደርስ ቀይ መስቀል ከአፍሪካ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ፥ ለአፍሪካ የሚስማማ የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ በ2011 አውጥቷል፤ እያንዳንዱም ምክር በጥናት የተደገፈ መሆኑ ተመርምሮ ነው የገባው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ፌደሬሽንም መመሪያውን በ2011፥ በ2016ና በ2020 አድሷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፥ የመጀመሪያ ርዳታን ማስተማር ከቈየ ሥራው አንዱ የሆነ ማኅበር ነው። ምንጩ ቅርባችን ሳለ ባሕር ማዶ መሻገር ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ቋንቋው አንድ ቃል ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እቤት የምንናገረው ብዙዎቻችን ኦሮምኛ ነው፤ ገበያና አውቶቡስ ተራ ደግሞ አማርኛም ይሰማል። በእንግሊዝኛ ተምሮ ፈተና ያለፈ ተማሪ፥ ልጇ ወድቆባት የምትጮኸውን እናት የት ላይ ነው የመታው፥ ስንት ሰዓት ሆነው፥ አስመልሶታል ወይ ብሎ በቋንቋዋ ሊጠይቃት ይገባል። እንግዲህ መጽሐፉ ቢያንስ ጥያቄዎቹንና ትእዛዞቹን በኦሮምኛና በአማርኛ የያዘ ይሁን። የአጥንቶች ሁሉ ስም በላቲን ባይኖርበት አናዝንም።

የመጽሐፉን ውፍረት ስንቀንስ የተረፈው ገንዘብ ለልምምድ ይዋል። አስሙንድ ላርዳል የተባለ የኖርዌይ የአሻንጉሊት ሠሪ በ1960 ለልብ ልምምድ የሚሆን ሰው መሳይ አሻንጉሊት ሠርቶ ነበር፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። እርሱን መግዛት ካልተቻለ ጆንያ በጨርቅ ጠቅጥቀን ብንለማመድ ቢያንስ ክንዳችንና ቍጥራችን ይለምዳል፤ 2 ደቂቃ ሳያቋርጥ የተጫነ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ያውቀዋልና ጓደኛውን ተራ መጠየቅ ይማራል። ፈተናውም በወረቀት ብቻ ከሆነ የትምህርቱ ክብር ይጐድላል። ፋሻ አስሮ ያላሳየ ተማሪ 100 ከ100 ቢጽፍም ማለፍ የለበትም፤ በዚህ ላይ ጓደኞቼ ቢቀየሙኝም አሳቤን አልለውጥም።

የመጽሐፉን ረቂቅ የሚያይልን ባለሙያ በከተማችን አለ። የመቱ ካርል ሆስፒታል አለ፤ መቱ ዩኒቨርሲቲም የጤና ተማሪዎችን ያስተምራል። በየዓመቱ በነሐሴ ወር አንድ ነርስና አንድ ሐኪም ሠላሳ ወይም አርባ ገጽ አንብበው ያረጀውን ቢሰርዙልን፥ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሆኖ አያረጅም። ለዚህም ሲባል በጠንካራ ሽፋን ሳይጠረዝ፥ ገጾቹ ሊለወጡ በሚችሉበት ማኅደር ይያዝ።

የመጨረሻው ገጽ የስልክ ቍጥር ገጽ ነው። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ 907 ብሎ መጥራት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ግን ከእኛ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ይህ ገጽ ባዶ መስመር ብቻ ተሠምሮበት ይታተም። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት እያንዳንዱ ተማሪ የወረዳውን አምቡላንስ፥ የጤና ጣቢያውን፥ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና በሰፈሩ መኪና ያለውን ሰው ስልክ ራሱ ደውሎ አረጋግጦ በርሳስ ይጻፍበት።