ሰባት ቤት ለማን ይቆጠራል?

ሽፍታ አያት ያለው ሰው አይደብቀውም። ሌባ አያት አለኝ የሚል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ በግ የወሰደ ሌባ ይባላል፤ ሦስት መንደር ያራቆተ ጀግና ይሆናል። በእኛም ቤት ያው ነው። በአባቴ በኩል የጎጃም አቸፈር ነን። ቅድመ አያቴ ጫካ የገባ ሰው ነበር ይባላል፤ ለቅሶ ላይ አልቃሽ ስሙን ታነሳዋለች፣ ሰርግ ላይ ፎካሪው በእሱ ይፎክራል። ያን ሁሉ ከብት ከማን በረት ነዳው ብሎ የጠየቀ ዘመድ የለኝም። በእናቴ በኩል ደግሞ ዘጌ ነን፤ የዘጌው ጉዳይ ከበድ ያለ ስለሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በዚህ ጠባይ ብቻችንን አይደለንም። ስኮትላንድና እንግሊዝ በሚዋሰኑበት ጠረፍ አርምስትሮንግ፣ ኤሊየት፣ ግራሃም፣ ኒክሰን፣ ማክስዌል፣ ጆንስተን የሚባሉ ቤተሰቦች ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በዘረፋ ኖረዋል። በረጅሙ የክረምት ሌሊት በፈረስ ይወጣሉ፤ ከብት ይነዳሉ፣ ጎጆ ያቃጥላሉ፣ ሰው ይዘው ማስለቀቂያ ይቀበላሉ። ስኮቱ እንግሊዙን፣ እንግሊዙ ስኮቱን ብቻ የሚዘርፍ እንዳይመስላችሁ፤ ደም ከተቃቡ ጎረቤት ጎረቤቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1525 የግላስጎው ሊቀ ጳጳስ ጋቪን ደንባር ከሺህ ቃላት በላይ የፈጀ ውግዘት አወረደባቸው፤ ቁጭ ብድጋቸውን፣ ማጀታቸውን፣ ከብታቸውን ሳይቀር እየዘረዘረ። የእኛን አገር ግዝት ሰምቶ ያደገ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሥ ጄምስ አምስተኛ፣ ጆኒ አርምስትሮንግ የተባለውን ስመ ጥር ዘራፊ ከነተከታዮቹ ሰቀለው። ሕዝቡ ግን የግጥም ጀግና አደረገው። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል ጎጃም ምን እንደዘፈነለት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባዋል፤ በላይ አገር ያዳነ አርበኛ ነውና ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ገመድ ስም እንደማያጠፋ ለማሳየት ያህል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1603 ሁለቱ ዘውዶች በአንድ ራስ ላይ ሲያርፉ ጠረፉ የመንግሥቱ መሐል ሆነ፤ ዘራፊዎቹ ተሰቀሉ፣ ተሰደዱ፣ ግራሃሞች ብዙዎቹ ወደ አየርላንድ ተጋዙ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከአሜሪካም ከአውስትራሊያም እየመጡ የአያቶቻቸውን የፈረሰ ግንብ ይፈልጋሉ። ጨረቃ ላይ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ላንግሆም የተባለችውን የጎሳውን ከተማ ሲጎበኝ በክብር ዜግነት ተቀበሉት። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1969 ሪቻርድ ኒክሰን ከሊንደን ጆንሰን ሥልጣን ሲረከብ ጸሎቱን ያደረሰው ቢሊ ግራሃም ነበር፤ ጠረፉን የሚያውቅ ሰው በዚያ መድረክ ላይ የቆሙትን ስሞች ሰምቶ ሳይስቅ አይቀርም። ካርላይል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የሊቀ ጳጳሱን እርግማን በትልቅ ድንጋይ አስቀርጻ ለጎብኚ አቆመች። በዚያው ዓመት የከብት በሽታ ገባ፣ ኋላ ጎርፍ መጣ፤ ድንጋዩ ነው መዘዙ፣ ይነሣልን የሚል የምክር ቤት አባል እስከ መነሣት ደረሰ። ድንጋዩ አልተነሣም።

እነሱን ከአያቶቻቸው ጋር ያያያዛቸው የቤተሰብ ስም ነው። አምስት መቶ ዓመት ቢያልፍም አርምስትሮንግ አርምስትሮንግ ነው። እኛ ዘንድ ስም ከአባትና ከአያት አይዘልም፤ ቅድመ አያትን የሚያውቅ አፍ እንጂ ወረቀት አይደለም። ይህን አፍ ደግሞ ስሎ ያቆየው መሬት ነው። ጎጃም ውስጥ ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም ቆጥሮ አንድ አቅኚ አባት ላይ በመድረስ ነበር። አሜሪካዊው አጥኚ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ባላገሩ በብዙ አቅጣጫ ዘሩን ሊስብ ይችላል፣ አጥብቆ የሚያስታውሰው ግን መሬት የሚያስገኝለትን መስመር ነው። ቆጥሮ ያስረዳ የርስቱ ወኪል ወደሆነው ፈጅ ቀርቦ ድርሻዬን ይላል፤ ካልሰጡት ዳኛ አለ። ቆጠራ አዋቂ ሽማግሌ በዚያ ዘመን ከጠበቃ ይበልጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ምንዥላቱን አልጠየቀም፤ ምን ሊያደርግለት?

አንድ ቦታ ብቻ ቆጠራው እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ጋብቻ ላይ። ያየ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ከአውራ ጣቱ ሥር ይጀምራል፣ በየአንጓው አንድ ስም ይጥላል። ሰባት ቤት ካልሞላ ዝምድና አለ፣ ጋብቻው ይፈርሳል። ይህ በግልጽ የሚባለው ነው። ቆጠራው ግን ሌላ ሥራም አለው። ጣቱ አንድ አንጓ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ "እሱ እንኳ ከወዲያ የመጣ ነው" ይላል። ከወዲያ ማለት የት እንደሆነ አይነገርም። ስም ይዘለላል፣ ቡና ይቀዳል፣ ከሳምንት በኋላ "ቤተሰቡ አልተስማማም" የሚል መልእክት ይደርሳል። ልጅቷ ምክንያቱን ከጎረቤት ትሰማለች።

ዘጌን አነሣለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ቱሪስቱ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትንና የአዝዋ ማርያምን ሥዕል አይቶ ይመለሳል፤ አስጎብኚው በመንገድ ላይ ስለ ቡናው ጫካ ይነግረዋል። አቡነ በትረ ማርያም በቃል ኪዳን ያገኙት ምድር ነው፣ እርሻና ከብት የተከለከለበት፣ ሰው ሳያርስ የሚኖርበት። ትውፊቱ ያማረ ነው፣ ጫካውንም በእውነት ጠብቆታል፤ በጣና ዙሪያ ሌላው ደን ሲመነጠር ዘጌ የቆየችው በዚህ ግዝት ነው። ያልታረሰ መሬት ግን ያልተለፋበት መሬት አይደለም። ቡና ይታረማል፣ ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይፈለፈላል፣ ተሸክመው ያወርዱታል። ማን?

የታሪክ ምሁሩ አብዱሳመድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ይህን ጥያቄ ሳያለሳልሱ መልሰውታል። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ባለው ጊዜ የዘጌ ቡና ጌቶች፣ ካህናቱ ጭምር፣ በባሪያ ጉልበት ያሠሩ ነበር። ሰዎቹ የመጡት በአብዛኛው ከምዕራቡ ጠረፍ ነው፤ ከመተከልና ከቤንሻንጉል ቆላ፣ ጉሙዝና ሌሎችም። በወረራ ተይዘው፣ በገበያ ተሸጠው፣ ወይም ለሹም በግብር ተሰጥተው። በዚያ ዘመን ጽሑፍ የሚጠሩበት ስም ዛሬ ስድብ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም። ወራሪው ማን ነበር? የእኔ ቅድመ አያት ጫካ የገባው ወዴት እንደሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። የአቸፈር ሰው ቁልቁል ካየ የሚያየው ያንኑ ቆላ ነው። ከብት ብቻ ነድቶ ይመለስ ነበር ብዬ ለልጆቼ ለመማል ድፍረቱ የለኝም።

እዚህ ላይ ነው ከስኮቶቹ የምንለየው። አርምስትሮንግ የነዳት ላም ተበልታለች፤ የላሟ ባለቤት የልጅ ልጅም ስሙን ይዞ አሁንም እዚያው አለ፣ ሁለቱ በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው በአያቶቻቸው ይቀላለዳሉ። እኛ ዘንድ የወራሪው የልጅ ልጅ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ የተወረረው የልጅ ልጅ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። አያቱ ሲጠመቅ አዲስ ስም ወጥቶለታል፤ የአባቱ ስም መተከል ቀርቷል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚጠይቀው ሰው የለም፣ የሚጠራበት ርስትም አልነበረውም። ስለዚህ ቆጠራው ለአንዱ ማስረጃ ሲሆን ለሌላው ክስ ነው፤ ከወዲያ መምጣቱን ለማስታወስ ብቻ ይቆጠርለታል።

ሕጉ ቀደም ብሎ ተናግሯል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፣ በዚያው ዓመት አዋጅ ወጥቷል፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት አለፈ። ሆኖም ዘጌ ተቀምጦ ያጠናው ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ የባርነት ዘር ነው የሚባለው ሐሜት ዛሬም ጋብቻን እንደሚያግድ፣ ቡዳ ነው ከሚለው ወሬ ጋርም እንደሚጣመር ጽፏል። ይህን ለማወቅ የውጭ አገር ሰው መጽሐፍ አያስፈልገንም ነበር፤ እናቶቻችንን መጠየቅ ይበቃል። የሚያሳፍረው እሱ መጻፉ ሳይሆን እኛ አለመጻፋችን ነው።

ነገሩን መቀስቀስ ቁስል መንካት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሰው እየረሳው ነው፣ ተወው ይረሳ ይላሉ። ቢረሳማ ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር። የተረሳው የተጎዳው ሰው ስም ነው፤ ነውሩ አልተረሳም፣ በየሽምግልናው በጉሮሮ መጥረግ እየተላለፈ ነው። ዘርን መቁጠር ይቅር የሚሉም አሉ፤ በዚህ ዘመን ዘር ቆጠራ ያመጣብንን እያየሁ ስጋታቸውን አላቃልልም። ነገር ግን ማን ከማን ይበልጣል ብሎ መቁጠርና ማን የት ጠፋ ብሎ መፈለግ አንድ አይደሉም። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ምራቃቸውን በብልቃጥ ልከው የዘር ምርመራ ያስደርጋሉ፤ የሚመጣላቸው ከመቶ ስንት እጅ የየት አካባቢ ሰው እንደሆኑ የሚናገር ወረቀት ነው። በባርነት የመጣችውን አያት ስም አይነግራቸውም። ስሟን የሚያውቁ ካሉ ዘጌ ውስጥ ያሉ አዛውንት ናቸው፣ እነሱም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ስለዚህ የዘጌ ልጅ የሆንህ፣ የሆንሽ፣ ለበዓል ስትሄዱ ከጀግናው አያት ሌላም ጠይቁ። በቤታችን ቡና የለቀመው ማን ነበር? ከየት መጣ? ሲጠመቅ ማን ተባለ፣ ከዚያ በፊትስ? የማን እናት ሆነች፣ የት ተቀበረች? ወሬው ቢያስደነግጥም መዝግቡት፣ ቀንና የነገራችሁን ሰው ስም ጨምሩበት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች አሉት፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ከዘጌ የሚርቁበት ምክንያት አይታየኝም። ካህናት አባቶቼም፣ የተዝካር ስም በየዓመቱ የምትጠሩ እናንተ ናችሁና፣ እነዚህን ስሞች ከመዝገቡ አግቧቸው። ስሟ የጠፋባት ብትኖር እንኳ "ከመተከል የመጣች፣ በዘጌ ቡና ለቅማ የሞተች ሴት" ተብሎ ይጻፍላት።